ስለ ቅሉ የጻፍኩት አሥራ አንድ መስመር

ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሙዚየም ከእኛ ከአኝዋ አገር ድሮ የተወሰዱ ዕቃዎች አሉት። ዕቃዎቹን የሚያውቅ አንድ የማኅበረሰቡን ሰው ወስዶ፣ ሦስት ሳምንት አስቀምጦ፣ በእጁ እያገላበጠ የተጻፈላቸውን መግለጫ እንዲያርም ይፈልጋል። ፌሎሺፕ ይሉታል። «የሚያውቅ ሰው» የሚለውን ሳነብ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው በሐሳቤ አልመጣም።

አርባ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። የዓለምን ባሕሮች ሁሉ በእንጨት እየጠቆምኩ አሳይቻለሁ፤ አንዱንም አላየሁም። አውሮፕላን ማረፊያ የምሄደው ሰው ለመሸኘት ነው። ስለዚህ ልደብቀው አልችልም፣ ያን ጉዞ አጥብቄ ፈልጌው ነበር። በእኔ ዕድሜ ሁለተኛ ዕድል አይጠበቅም።

ፎርሙ አብረው ከተላኩት ፎቶዎች አንድ ዕቃ መርጣችሁ ግለጹ ይላል። አንገቷ ቀጭን፣ ሆዷ በእሳት የተነቀሰ ትንሽ ቅል መረጥኩ። ከፎቶዋ ሥር «ቅል፤ አገልግሎቱ አይታወቅም» ተብሎ ተጽፏል። እኔ እያለሁ? ልጅ ሳለሁ በእናታችን ጎጆ ውስጥ እንዲህ ያለ ቅል ከፍ ብሎ ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን አውርጄው በጥፊ ተመትቻለሁ። ይህን ያህል የሚጠበቅ ነገር የዓሣ አጥማጆች መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩና አሥራ አንድ መስመር ጻፍኩ። አጥማጁ በታንኳ ሲወጣ አንገቱ ላይ እንደሚያንጠለጥለው፣ የባሮ ወንዝን ውሃ እየቀዳ እንደሚጠጣበት አተትኩ። ዘጠነኛው መስመር ላይ የአባቶችን ጥበብ አደነቅኩ። ሦስት ሽማግሌዎች የድጋፍ ደብዳቤ ፈረሙልኝ። ቅሉን አላሳየኋቸውም፤ እነሱም አልጠየቁኝም። መምህር ካለ አለ ነው።

ፎርሙ አለፈ። ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በቪዲዮ እንዲሆን ተቀጠረ። የእህቴ ልጅ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ላፕቶፗን ይዛ ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጣችልኝ። እናቷ፣ ታላቅ እህቴ፣ አብራት መጣች። ልትመርቀኝ መስሎኝ ነበር።

ሃያ ደቂቃ ሲቀረን ልጅቷ ሙዚየሙ ጠዋት የላከውን ተጨማሪ ፎቶ ከፈተች። ቅሉ ተገልብጦ ታችኛው ክፍል ይታያል። እህቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ዓይኗ ግን ከእኔ ይሻላል። ጎንበስ ብላ አየችና እኔ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ልጇን ጠየቀቻት። ልጅቷ አሥራ አንዱንም መስመር ወደ ቋንቋችን እየመለሰች አነበበችላት። ስጽፈው እንዲያ ረጅም አልመሰለኝም ነበር።

«ውሃ ይጠጣበታል ብለሃል?» አለች እህቴ።

«አዎ።»

«ታዲያ ታቹ ለምን ተበሳ?»

እውነትም ሦስት ቀዳዳ አለው። ነቀዝ በልቶት ይሆናል አልኩ።

«ሦስት ነቀዝ፣ ተሰልፈው?»

ቋንቋችን አንቱታ የለውም፤ እህቴ እኔን ዝቅ ለማድረግ አንተ ማለትም አያስፈልጋት። ድምፅዋን ሳትጨምር ዕቃው የሴት መሆኑን፣ የወለደች ሴት ቤት የሚገባ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ በላይ ለወንድ አይነገርም አለች።

ሰዓቱን አየሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ለመንኳት። ዛሬ ዝም በይ፣ ልሂድና እዚያው ሆኜ አርመዋለሁ አልኳት። ልጅቷ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅራ የማትሰማ መሰለች።

«አንተ የተናገርከው ይጻፋል» አለች እህቴ። «የልጄ ልጆች የዓሣ አጥማጅ ነው ብለው ይማሩታል። ማን ያርመዋል? እኔ ያን ጊዜ የለሁም።»

ጥሪው ገባ። ጸጉሯ የሸበተ ሴት ጓንት አጥልቃ ቅሉን ራሱን ይዛ ብቅ አለች። ጽሑፌን በጣም እንደወደደችው፣ ለአዲሱ መግለጫ እንዳለ ልትወስደው እንዳሰበች ነገረችኝ። ቀጥላ ቅሉን ገለበጠችው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም አለች፤ እነዚህ ቀዳዳዎች እያሉ አጥማጁ ውሃ የሚጠጣው እንዴት ነው?

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። በሰም ይደፈናሉ። አራት ዓመት ያስተማርኩት ተማሪም ቢሆን ያምነኛል። እህቴ ካሜራው በማይደርስበት ጥግ ተቀምጣ ስክሪኑን ትታ እኔን ታያለች። አፌን ከፈትኩ፤ በዚያው ኔትወርኩ ቆመ። አፌን እንደከፈትኩ ስክሪኑ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ያን ፊት ለመመልከት ሙሉ አንድ ደቂቃ ተሰጠኝ። ከውሃ የወጣ ዓሣ ነበር የሚመስለው፤ የሚዋሽ ዓሣ።

መስመሩ ሲመለስ «የጻፍኩት ስሕተት ነው» አልኩ። «ስለ ቅሉ የምታውቀው ሴት እዚህ ተቀምጣለች።»

እህቴ ለመናገር ፈቀደች፤ ውሏ ልጇ እንድታስተረጉምላት፣ እኔ ደግሞ ከቤት እንድወጣ ነበር። ከገዛ ቤቴ፣ ከገዛ ቃለ መጠይቄ። ችግሩ ላፕቶፑ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከእኔ ስልክ ነው፤ ስልኬ ደግሞ ኔትወርክ በደንብ የሚይዘው በመስኮቱ በኩል ውጭ ሲሆን ነው። ስለዚህ ውጭ ቆሜ፣ ክንዴን ሽቅብ ዘርግቼ ስልኩን የመስኮቱ አፍ ላይ ያዝኩ። እህቴ ከውስጥ ጆሮህን ድፈን አለችኝ። በስንት እጄ? አንዱን ጆሮ በጣቴ ደፈንኩ፤ ለሌላው መዝሙር ጀመርኩ። ቀንስ፣ ሴትዮዋ አልሰማችም ተባልኩ። ቀነስኩ። የእህቴ ድምፅ ከመዝሙሩ ሥር ይመጣ ጀመር። የዚያን ያህል አንድ ነገር መስማት ፈልጌ አላውቅም። ሁለተኛውን ስንኝ ረሳሁትና የመጀመሪያውን ደግሜ ደጋግሜ ዘመርኩት።

ጎረቤቴ፣ ከደጋ የመጣች ነርስ፣ ከአዳር ሥራ ስትመለስ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ቃለ መጠይቅ ላይ ነኝ» አልኳት። ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት ግንባሬን ዳሰሰችና ሄደች።

ክንዴ ሊወድቅ ሲል ልጅቷ ወጣች። ሙዚየሙ እስከ ነገ እኩለ ቀን ጊዜ ሰጥቷል። አመልካቹን መቀየር ይቻላል፤ ሽማግሌዎቹ ግን እንደገና መፈረም አለባቸው። እህቴ ጉልበቷ ደረጃ ስለማይወጣላት ልጇ ትሂድ ብላለች፤ የሚነገረውን እስክትሄድ ታስተምራታለች። እግረ መንገዴን የጠየቅኩ መስዬ ሁለት ሰው አይወስዱም ወይ አልኩ። ጠይቄያቸዋለሁ፣ አንድ ብቻ ነው አለችኝ፤ ዓይኔን ሳታይ።

ስምህን ላጥፋው ስትለኝ እኔ አጠፋዋለሁ አልኩ። መጀመሪያ ስሜን፣ ከዚያ መስመሮቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። ዘጠነኛው ላይ ትንሽ ቆየሁ።

በማግሥቱ በማለዳ አዲሱን ደብዳቤ ይዤ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩ። ስሜን በእህቴ ልጅ ስም እንደለወጥኩ፣ ስለ ቅሉ የጻፍኩትም ስሕተት እንደነበረ ነገርኳቸው። ሁለቱ ፈረሙ። ትልቁ፣ ጆሮው የከበደው፣ ብዕሩን ይዞ ቆየ።

«እሺ፣ ታዲያ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ እኔ ተጠጋ። መንገደኛ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ራሱን ነቀነቀና ፈረመ።