በር የለካሁበት ክረምት

ለሰው ደግ ነገር ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ ሰውየው ግን ገና ከሩቅ ሲያያችሁ በሩን ዘግቶባችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት አንዲት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ የሱቆቹን ፊት በስልኳ ፎቶ ስታነሣ፣ ባለሱቁ ጎረቤቴ መዝጊያውን እስከ ግማሽ ሳብ አደረገው። ልጅቷ ከተማው ለሱቆች እድሳት ሊያግዝ መሆኑን እየነገረችው ነበር፤ የእሱ ዐይን ግን ስልኳ ላይ ነው። ያን ጊዜ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ።

በደርግ ዘመን ነው። ባሕር ዳር በመምህርነት ከተመደብሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ሳለ፣ ቀበሌያችን ለአብዮት በዓል የመሀል ከተማው ሱቆች ፊታቸው እንዲያምር የግድግዳ ኖራና የበር ቀለም በነጻ ሊሰጥ ወሰነ። ለየሱቁ ምን ያህል እንደሚበቃ የሚመዘግብ ሰው ሲፈለግ እጄን አወጣሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ደስ ይለኛል። ደብተሬን በማስመሪያ ከፋፈልሁ፤ የባለቤቱ ስም፣ የበሩ ብዛት፣ ቁመቱ፣ ስፋቱ።

ዝናብ ባባራ ቁጥር ሜትሬን ይዤ ከሱቅ ሱቅ ዞርሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከሐይቁ በኩል የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ይመጣል፤ ሴቶች የበሰለ ዘይቱን በቅርጫት ይሸጣሉ። ስለ ቀለሙ በስብሰባ የተነገረ ስለመሰለኝ ለማንም ምንም አላልሁም። ማስረዳት የምወደው ሰውዬ በዚያ ሳምንት ብቻ ዝም አልሁ።

ያኔ በር መቁጠር ምን ማለት እንደ ነበር ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። ትርፍ ቤት ተወርሷል። ዕቃ ደበቀ የተባለ ነጋዴ ይታሰራል። ከቀበሌ የመጣ ሰው ስሙንና በሩን ሲጽፍ ያየ ነጋዴ ስለ ኖራ አያስብም። ልብስ ሰፊው ጋሽ መኮንን ብቻ ቀለደብኝ። «መምህር፣ በቁመቴ ልክ ነው እንዴ የምትለካው? የሬሳ ሳጥኑን ከዋንዛ አድርግልኝ።» እኔም ሳቅሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የሐጂ ይማም ሱቅ ተዘግቶ አገኘሁት። ሐጂ አቡጄዲና ሻሽ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ ነበሩ። ምነው ብዬ ጋሽ መኮንንን ጠየቅሁት። ትናንት በጀልባ ወደ ወንድማቸው ወደ ደልጊ መሻገራቸውን ነገረኝና፣ ከመርፌው ቀና ሳይል «አንተን ፈርተው ነው» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ወሬውን ሰማ። ለበዓል ሱቅ መዝጋት አሻጥር ነው፤ እስከ ሰኞ ጠዋት ካልተከፈተ ታሽጎ ለኅብረት ሱቁ ይሰጣል አለ። እኔም ሰኞ መዝገቤን እንዳስረክብ አዘዘኝ። ጀልባው ደግሞ የሚመለሰው በሳምንቱ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ልል አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። «ፈርተው ነው» ብል፣ «ንጹሕ ከሆኑ ምን አስፈራቸው?» መባሉ አይቀርም።

ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ሄድሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ደጃፍ ላይ አቁመው አደመጡኝ። ሱቁን እንዲከፍቱ ለመንኋቸው።

«ቁልፉስ እኔው ዘንድ ነው» አሉ። «ብከፍት ማን ነው የሚገባው?»

«ቀለም ቀቢ ብቻ ነው፣ እትዬ ዘይነባ።»

«ልጄ፣ ለክፉ መጣሁ ብሎ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ምን እንደ ጻፍህበት ልይ፤ ደብተሩን ተውልኝና ሂድ።»

የቀበሌ መዝገብ ነው። ከእጄ ወጥቶ ከአንድ ተፈላጊ ነጋዴ ቤት ቢገኝ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ቢሆንም ሰጠኋቸው።

እሑድን እንዴት እንደ ዋልሁ አላውቅም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ዋለ፤ ሽሮዬ ሳልነካው ቀዘቀዘ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ተነሣሁ።

ሰኞ ጠዋት ሊቀመንበሩ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ ማሸጊያውን ይዞ ሲሄድ ከኋላ ተከተልሁ። ሱቁ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወይዘሮ ዘይነባ ሻሽ እያጣጠፉ ነው። ሊቀመንበሩ ጥቂት ቆመና ወደ እኔ ዞሮ መዝገቡን ጠየቀኝ።

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ፣ ደብተሩን ከአቡጄዲው ሥር እያወጡ። «መምህሩ የቀኙን በር በስንዝር አሳንሶ ጽፎታል። ቀለሙ እንዳያንሰን ብዬ እንደ ገና ላስለካ ነው።»

ሊቀመንበሩ ዐየኝ። «እውነት ነው?»

«አዎ፣ የእኔ ስሕተት ነው» አልሁ።

እስክሪብቶውን አውጥቶ ቁጥሩን ራሱ አረመና ቀለሙ እንዲመጣ አዘዘ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ በሩን ዳግመኛ ለካሁት። የመጀመሪያው ልኬቴ ስንዝርም አልጎደለም ነበር። ወይዘሮ ዘይነባ እያዩኝ ሻሻቸውን አጣጠፉ።

ሐጂ ይማም በሳምንቱ ተመልሰው ነጩን ግድግዳና አረንጓዴውን በር ሲያዩ የሌላ ሰው ሱቅ መስሏቸው አልፈው ሄዱ አሉ። እኔን ግን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እስክዛወር ድረስ ከአንገት በላይ ነበር ሰላም የሚሉኝ። አልቀየምኋቸውም። አንድ የክረምት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሥቻቸዋለሁ፤ ኖራ ያንን አይሸፍንም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መዝግቤያለሁ፤ የተማሪ ስም፣ የዕድር፣ የዕቁብ። ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ነገር ነው። እናንተም በሰው ደጅ ወረቀት ወይም ስልክ ይዛችሁ ስትቆሙ ሞክሩት፤ የመጀመሪያውን መስመር እንደ ጻፋችሁ መዝገቡን እንዲያየው ለቤቱ ባለቤት ስጡትና እስኪመልስላችሁ ድረስ ጠብቁ።