ሆዴን ይዤ የተንበረከክኩ ዕለት

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ያደረገልኝን ሳልናገር ከዚህ ቤት አልወጣም ብዬ ነው የመጣሁት። ሰዓት የያዝከው ወንድም፣ ታገሠኝ፤ እኔ ሳሳጥር እንኳ ረጅም ነኝ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። ግንበኝነትንም ማንም አላስተማረኝም፤ ያም ሆኖ ከአንኮበር እስከ ጣርማ በር እኔ የካብኩት ድንጋይ አንድም አልተናደም። ሄዳችሁ እዩት! የእኔ ችግር እጄ ሳይሆን ጉሮሮዬ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ያለ አረቄ አይቻልም እያልኩ ጠዋትም ማታም እጠጣ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ከእምብርቴ በላይ የጀመረ ሕመም ጀርባዬን ሰንጥቆ ወጣ። ሆስፒታል ተኛሁ። ሐኪሙ፣ "ቆሽትህ ቆስሏል፤ ደግሞም ቆይቶብሃል። አረቄውን ካልተውክ እሱ አይተውህም" አለኝ።

ሕመሙ ፋታ የሚሰጠኝ ተንበርክኬ ወደ ፊት ስደፋ ብቻ ነበር። አልጋው ላይ እንዲያ ተደፍቼ ሳለሁ፣ ከጎኔ የተኛ፣ ከደነባ የመጣ ገበሬ ከአልጋው ወርዶ አጠገቤ ተንበረከከ።

"ወንድሜ፣ አንተም የጌታ ነህ እንዴ? ቀስ ብለን እንጸልይ፣ ሰው እንዳይሰማን" አለኝ በሹክሹክታ። ያን ጊዜ ጸሎት ቤቶቻችን ተዘግተው አማኞች ተደብቀው ነበር የሚጸልዩት።

"ኧረ እኔ ሆዴን ነው የያዝኩት!" አልኩት።

ሳቀ። "ይሁን፤ አንዴ ተንበርክከሃል። ድካምህ በከንቱ አይቅር።"

ወገኖቼ፣ በክርክር የሚረታኝ ሰው አላውቅም፤ ይህ ገበሬ ግን ረታኝ። "ጌታ ሆይ፣ የመጣሁት ለሆዴ ነው፤ ግን ይኸው መጥቻለሁ" አልኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ አረቄ ከንፈሬን አልነካም! ክብር ለእሱ ይሁን!

ባለቤቴ አስካለ ግን በቀላሉ አላመነችም። "ስንት ጊዜ ማልክልኝ? አሁን አንድ ጊዜ ብትቀምስ እኔ አንኮበር እናቴ ቤት ነኝ" አለችኝ።

ቆሽቴ እየደከመ ሲሄድ ስኳር በሽታ አመጣብኝ። ሐኪሙ በየቀኑ የምወጋውን መርፌ ሰጠኝና "ወግተህ ምግብ እንዳትዘል!" አለኝ። እኔ ደግሞ የራሴን ትምህርት ጨመርኩበት። ቀበሌ ሱቅ ሄጄ በሰልፈኛው ፊት "ከእንግዲህ ስኳር ለእኔ መርዝ ነው!" ብዬ የቤታችንን ድርሻ ለጎረቤታችን ለሐዋ ሰጠሁ። ሐዋ ከአልዩ አምባ የመጣች ነጋዴ ናት። "አላህ ይስጥህ፤ ስትፈልገው ታገኘዋለህ" አለችኝ። እኛ ቤት አንዲት ቅንጣት ስኳር አልቀረም።

በዚያው ሰሞን ወንድሞች የአንድ ቀን ጾም ጸሎት ያዙ። እኔ "ሦስት ቀን!" አልኩ። ወገኖቼ፣ ሁለተኛውን ቀን አላየሁትም። ጠዋት እንደ ልማዴ መርፌዬን ወጋሁ፣ ምንም አልቀመስኩም። ቀትር ላይ ላብ አጠመቀኝ፣ እግሬ ተንገዳገደ፣ ምላሴ ተሳሰረ። አስካለ ከገበያ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ስወላገድ አገኘችኝ።

"ጀመርክ አይደል? ጀመርክ!" አለችና ለመሄድ ነጠላዋን አነሳች።

አልጠጣሁም ልላት ብል አፌ እንደ ሰካራም ተንተባተበ። ከሕመሙ ይልቅ የገደለኝ እሱ ነው። ሚስቴ ልትሄድ፣ እኔም ብሞት ሰክሮ ሞተ ልባል!

ሐዋ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። "ወላሂ ይህ ስካር አይደለም! አባቴም ስኳር ነበረበት፤ እንዲህ ያደርገው ነበር። እስቲ አፉን አሽትቺው!"

አስካለ ጎንበስ ብላ አሸተተችኝ። ነጠላዋ ከእጇ ወደቀ። "ምንም አይሸትም" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"ልቅሶውን ተይና ቀና አድርገሽ ያዢው!" ሐዋ ሮጣ ሄዳ ስኳር በውሃ በጥብጣ አመጣችና አጠጣችኝ። ዓይኔ ሲገለጥ፣ "ጨልጠው፣ የራስህ መርዝ ነው" አለችኝ። ሃሌሉያ!

ሐኪሙ ሲሰማ፣ "መርፌ ወግተህ ስትጾም የደምህ ስኳር ከልክ በታች ወረደ። ያለ አስተማሪ ተማርኩ ትላለህ፤ ይህን ማን አስተማረህ?" አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ተረታሁ።

ወገኖቼ፣ ጌታ ቆሽቴን አዲስ አላደረገልኝም። አሁንም ይወጋኛል፤ ይውጋ! መርፌዬን እወጋለሁ፣ በሰዓቱ እበላለሁ፣ ስኳር በኪሴ እይዛለሁ፤ ይኸው፣ እዩት። እኔን የሚያህል በሥርዓት የሚታመም ሰው በዚህ ከተማ የለም! አስካለም አንኮበር ትሄዳለች፣ ዘመድ ልትጠይቅ። ትመለሳለች። ያቺውና፣ ከኋላ ተቀምጣ እየሳቀችብኝ ነው። ጌታ ይባረክ!

ደግሞ እላችኋለሁ፣ ወደ ጌታ ለመምጣት ሙሉ በሙሉ እስክንድን ብላችሁ አትጠብቁ። ሕመማችሁን ለሐኪም ንገሩ፣ ከጎረቤትም አትደብቁ፣ ራሳችሁን ለጌታ ስጡ። ለሆዳችሁም ብትመጡ አይመልሳችሁም፤ እኔን አልመለሰኝምና። በሉ እንጸልይ። ስንበረከክ ብታዩኝ፣ ዛሬ ሆዴን ይዤ አይደለም።