የሌላንድ የነውር ግድግዳ

ሌላንድ ስትሩብ ሰውን የሚመዝነው ባበላሸው ዕቃ ነበር። በአሜሪካዋ አዮዋ ገጠር ውስጥ፣ ከእህል ጎተራው ማዶ ባለው ጋራዡ፣ ተቀምጠው የሚነዷቸውን የሣር ማጨጃዎች ሲጠግን አርባ ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ አስተዋይ ደንበኛ አልገጠመኝም ይላል። ሞተሩ እምቢ ሲል ሰዉ ሮጦ ባትሪ ይገዛል፤ ባትሪው ካልፈየደ ማስነሻውን ሞተሪኖ ይገዛል። በመጨረሻ ነገሩ አንዲት የዛገች የሽቦ ጫፍ ሆና ትገኛለች። ሌላንድ ጫፏን በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍግና ባለቤቱን ቁልቁል እያየ ቁልፉን ይመልስለታል።

ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ያለው ግድግዳ በሚስማር የተሞላ ነው። በየሚስማሩ የአንድ ጅል ሥራ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የሠሪው ስም በእርሳስ ተጽፏል። በልብስ መቆንጠጫ የተያያዘ ሽቦ አለ። በማስቲካ ወረቀት የተጠቀለለ የተቃጠለ ፊውዝም አለ፤ ይሄ የጌይለን ሆክማን ነው። ጌይለን በየካቲት ሞተ። ሌላንድ ቀብሩ ላይ ተገኝቷል፤ ፊውዙን ግን አላወረደውም።

በግንቦት አጋማሽ የጌይለን ሚስት አርዲስ የባሏን ማጨጃ በተጎታች ጭና መጣች። ጌይለን የመንደሩን መካነ መቃብር ሣር አሥራ ስምንት ዓመት አጭዷል፤ አሁን እሷ እኔ እቀጥላለሁ ብላለች። የመቃብሩ አስተዳዳሪዎች በወሩ መጨረሻ እስከሚውለው የሙታን መታሰቢያ በዓል ጠብቀው፣ ሣሩ እስከዚያ ካልታጨደ ሥራውን ከከተማ ለሚመጣ ድርጅት ሊሰጡት ወስነዋል። ባሏ የተኛው እዚያው ነው። በላዩ የማንም ማሽን እንዲሄድ አልፈለገችም።

ሞተሩ ይነሳል፤ ፍሬኑን ስትለቅ ግን ይጠፋል። ይህንኑ ነገረችው።

«ስትለቂ እግርሽን የት ነው የምታሳርፊው?» አላት። አብረው የተማሩ ናቸውና ምንም ሳይሸፍን ነው የሚናገራት። «ጌይለንም አይችልበትም ነበር።»

ባትሪውን በቴስተር ለካ፤ ደህና ነው። ፊውዙን አየ፤ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሸ። መቀመጫው ሥር ያለችውን ማብሪያ በጣቱ ተጫናት፤ ትሠራለች። ይህች ማብሪያ ሰው ሲቀመጥ የምትጫን፣ ፍሬኑ ተለቅቆ ሳለ ሰው ሲነሳ ደግሞ የማጨጃው ቢላ ማንንም እንዳይቆርጥ ሞተሩን የምታጠፋ ናት። ከዚያ ራሱ ተቀምጦ ግቢውን ሁለቴ ዞረበት። አንዴም አልጠፋም። ጥፋቱ የነጂዋ ነው ብሎ መለሳት። በማግስቱ ተመልሳ መጣች፤ አሁንም ዞረበት፤ አሁንም መለሳት። ያን ሳምንት ጧት ጧት ጋራዡ ለሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች፣ ሆክማኖች ባልም ሚስትም አንድ ናቸው እያለ አሳቃቸው።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ለበዓሉ አራት ቀን ቀርቷት ነበር። ጎረቤቷ የማብሪያዋን ሁለት ሽቦዎች አጣምሬ ልገላግልሽ ብሏት ኖሯል።

«ከወደቅሽ ቢላው መሽከርከሩን አያቆምም» አላት ሌላንድ። «እሱ ጅል ስለሆነ አንቺም ጅል ትሆኛለሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አንተ እንደሆን ደህና ናት ከማለት በቀር ሌላ ነገር ከአፍህ አልወጣም።»

«በይ ተቀመጪ፤ ጥፋትሽን ላሳይሽ።»

ሊስቅባት ነበር ሐሳቡ። አርዲስ ወጥታ ተቀመጠች። የጌይለንን ጃኬት ለብሳለች፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ ታጥፏል። ቀበቶዋ ላይ በሚስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ። ሌላንድ ያኔ ነው ያያት። መቀመጫው ከበታቿ ንቅንቅ አላለም። ፍሬኑን ለቀቀች፤ ሞተሩ ጠፋ።

የእጅ ባትሪውን አብርቶ ከመቀመጫው ሥር አጎነበሰ። መቀመጫውን የሚሸከሙት ሁለቱ ሞላዎች የክንድ ያህል ወፍራም ናቸው። የገዛ እጅ ጽሑፉን እንዳየ ሰው አወቃቸው። ከስድስት ዓመት በፊት የጌይለን መቀመጫ ከክብደቱ የተነሳ ወርዶ ወርዶ ቢያስቸግር፣ ከአሮጌ ትራክተር ፈትቶ የገጠማቸው እሱ ራሱ ነው። የጌይለንን ቦርጭ እያነሳም ሰውን ሳምንት ሙሉ አስቋል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች አርዲስ።

«ሞላው ጠንክሮብሻል። ማብሪያዋ ድረስ አትወርጂም።»

«እሱን ደግሞ ማን ነው ያስገባው?»

ጌይለን ነው ቢላት ጌይለን ተነስቶ አይከራከረውም። አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«እኔ» አላት።

እሱ ቀጫጭን ሞላዎች ፈልጎ ሲገጥም፣ እሷ ወደ ግድግዳው ሄዳ ፊውዙን ከሚስማሩ አወረደችና ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተችው። አየ፤ ሥራውን ቀጠለ። ተመልሳ ስትቀመጥ መቀመጫው ዝቅ አለ፤ ፍሬኑን ስትለቅም ሞተሩ አልጠፋም። ቅዳሜ መካነ መቃብሩን ከዳር እስከ ዳር አጨደችው።

ከበዓሉ ማግስት ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ፊውዙ በነበረበት ሚስማር ላይ አንድ ወፍራም ሞላ ተሰቅሎ አገኙ። የጌይለን ስም በአውራ ጣት ተፍቆ፣ በላዩ ሌላ ስም ተጽፏል። አንደኛው መነጽሩን አድርጎ አነበበና፣ ሌላንድን እያየ፣ ይሄንን ጅል እኮ ድሮም አውቀዋለሁ አለ።

ሌላንድ ደጅ አዲስ ባትሪ ታቅፎ የቆመ ደንበኛ አይቶ ነበርና እሱን ሊሰድብ ወጣ።