የሲዲ ሳቢር ችካል

መኑቢያ መጠበቅ አትወድም ነበር። ማን ይወዳል ትሉ ይሆናል፤ እሷን ግን ያማታል። በስፌት ፋብሪካው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል፤ እኔ ዚፕ፣ እሷ የኋላ ኪስ። የምሳ ደወል ተደውሎ ሁሉ እጁን ለመታጠብ ሲሰለፍ፣ እሷ በኩባያ ውሃ ተለቃልቃ ዳቦዋን በሃሪሳ ድልህና በቱና ሞልታ ግማሹን ጨርሳ ታገኟታላችሁ። «ወሲላ፣ ሰው የተፈጠረው ቆሞ ለመጠበቅ ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር። አላህ ደግሞ ሰውን የሚፈትነው በሚጠላው ነው። የቀረ ዘመኗን ሁሉ ስትጠብቅ ኖረች፤ እኔም የድርሻዬን አክዬበታለሁ።

ባሏ ሸድሊ ግድግዳ ቀቢ ነበር። በኛው በሄንሺር ሎዝ ካሉት ቤቶች እኩሌታው በሱ እጅ የነጣ ነው። ቀልደኛ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ከሰው ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው። በአርባ አራት ዓመቱ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከዱት። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ለኩላሊት እጥበት ቱኒስ ድረስ መሄድ ግዴታው ሆነ። እስከ ዋናው መንገድ በእግር፣ ከዚያ ቢጫው አውቶቡስ፣ መሀል ላይ ወርዶ ሌላ አውቶቡስ፤ ሲቀና ሁለት ሰዓት፣ ሳይቀና የፈጀውን ይፍጅ። አራት ሰዓት ከማሽን ጋር ታስሮ ውሎ፣ ደሙ ተመጦ የተመለሰ ሰው ደግሞ ተሳፋሪ መሀል ብረት ጨብጦ ቆሞ ይመለሳል። ማታ ሲገባ ፊቱ የሱ አይመስልም ነበር። መኑቢያ ፋብሪካውን ትታ አብራው መሄድ ጀመረች፤ ሲያዞረው ትደግፈዋለች፣ ወንበር ያልለቀቀለትን ጎረምሳ ደግሞ ልክ ልኩን ትነግረዋለች።

በዚያው ዓመት ነው ቀያሾቹ የመጡት። ባቡር ሊገባ ነው ተባለ። ከከተማው ወደ ምዕራብ፣ በኛ ሰፈር አልፎ የሚሄድ፣ ጧት ሠራተኛ ይዞ ሄዶ ማታ የሚመልስ ባቡር። ከታችኛው ሰፈር፣ ከቁልቋሉ አጥር ጥግ፣ ከአንድ ወይራ ሥር የሲሚንቶ ችካል ተከሉ፤ አናቱ ላይ ብረት፣ ብረቱ ላይ ቁጥር፣ አርባ ሰባት። ከቀያሾቹ አንዱ ለመኑቢያ ጣቢያው እዚሁ እንደሚቆም፣ በሁለት ዓመት እንደሚያልቅ፣ ከዚህ ቱኒስ ሃያ ሁለት ደቂቃ እንደሆነ ነገራት። እሷ ወዲያው ከደጇ እስከ ችካሉ በእርምጃ ለካችው። ሁለት መቶ አሥር። «ሸድሊ ተንፏቆም ይደርሳል» አለችኝ፤ እንዲያ ስትስቅ ከታመመ ወዲህ አይቻት አላውቅም ነበር።

ሁለቱ ዓመት አለፈ። ተቋራጩ ሥራውን ጥሎ ጠፋ። መንግሥት ተለወጠ፣ ከንቲባ ተለወጠ፣ አዲሱ ከንቲባ የድሮውን ካርታ አላውቀውም አለ። በአምስተኛው ዓመት ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ምሰሶው ቆመ፤ በሰባተኛው ባቡሩ ራሱ መጣ። መጣና አለፈ! ጣቢያ የለማ፣ የት ይቁም? የላይኛው ሰፈር ሰዎች «ጣቢያው እኛ ጋ ካልሆነ» ብለው ይዘውት ነበር። የነገሩ ባለቤት ሀጅ ላስዓድ ነው፤ የላይኛው ሰፈር ቡና ቤት ጌታ። ከቡና ቤቱ ጀርባ በርካሽ የሰበሰበው የቤት መሥሪያ ቦታ አለው፤ ጣቢያ ከአጠገቡ ቢቆም ዋጋው የት እንደሚደርስ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች እየተባለ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ተደረበ። ሸድሊ እደጃፉ ወንበር አውጥቶ ባቡሩ ሲያልፍ ሰዓቱን ያያል። «አሁን ቱኒስ ገባ» ይላል ከሃያ ሁለት ደቂቃ በኋላ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ችካሉ ልምጣ። በዚያ ክረምት ብረት ለቃሚዎች ችካሎቹን እየነቀሉ መሸጥ ጀመሩ። አርባ ስድስት ጠፋ። አርባ ስምንት ጠፋ። መኑቢያ እየሮጠች ቤቴ መጣች። አርባ ሰባት ከተነቀለ ሀጅ ላስዓድ «ድሮስ ምን ምልክት ነበረና» ይላል፣ ጣቢያውም አብሮ ይነቀላል ባይ ናት። ሄጄ ለማዘጋጃ ቤት ልንገር ብላ እንደማትጠብቅ ታውቃላችሁ። «የመንግሥትን ድንጋይ ማንም ይነቅላል» አለችኝ፤ «የወሊ መቃብር ድንጋይ ግን እስቲ ማን ይነካል?»

ሸድሊ የተረፈ ኖራ ነበረው። ባልዲው የኔ ነው፤ ሰማያዊ፣ ጆሮው የተጠገነ። እኔ ባልዲውን ይዤ፣ እሷ በብሩሽ ችካሉን ከነአናቱ፣ ከነቁጥሩ ነጭ አድርጋ ቀባችው። በላዩ አረንጓዴ ጨርቅ አሰርን፣ ዙሪያውን ድንጋይ ከመርን፣ ሻማ አበራን። እየሳቅን ነው ታዲያ። ሸድሊም ስም አወጣለት፤ ሲዲ ሳቢር፣ ታጋሹ ጌታ። «እንደኔው ታጋሽ ነው፣ አንድ ቦታ ተተክሎ ባቡር የሚጠብቅ» አለ። ብረት ለቃሚዎቹም እውነትም ዝር አላሉበት።

ሴቶቹ ግን ዝር አሉ። መጀመሪያ አትክልት ሻጯ ረድያ መጣች፤ አራት ጊዜ አስወርዷት የነበረች፣ በዓመቷ ሴት ልጅ ታቀፈች። ከዚያ ማን ይመልሳቸው! ሂና፣ ሻማ፣ የልጅ ልብስ ቁራጭ። አንዷ ዙሪያውን አጥር አሠራች፣ አንዷ ምንጣፍ አመጣች። የሲዲ ሳቢር አያት ከየት እንደመጡ ሳይቀር የምትተርክ አሮጊት ተገኘች። እኔና መኑቢያ በዓይናችን እየተጠቃቀስን ሳቃችንን እናፍን ነበር።

እስከ ሀይሰም ድረስ። ሀይሰም ልጄ ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ላይ፣ ሳይነግረኝ፣ በጀልባ ባሕሩን ሊሻገር ሄደ። አሥራ ሦስት ቀን ድምፁ ጠፋ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እኔ ወሲላ፣ ባልዲውን በገዛ እጄ የያዝኩት ሴትዮ፣ ሄጄ ከችካሉ ሥር ተደፋሁ። ልጄን ስጠኝ፣ ስምህን እስክሞት አከብራለሁ ብዬ ተሳልኩ። በአሥራ አራተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ሲሲሊ ነኝ አለኝ። በበግ ሥጋ ኩስኩስ ሠርቼ ወይራው ሥር ለሰው ሁሉ አበላሁ። መኑቢያ አቅፋ ሳመችኝ፣ አብራኝ አለቀሰች፤ አንዲት ቃል አልቀለደችብኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ነገር ችካል ብዬ መጥራት አቃተኝ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ። የባቡር መሥሪያ ቤቱ በመጨረሻ ጣቢያውን ሊሠራ ነው፤ መሐንዲስ ልኮ የሁለቱን ሰፈር ሰው በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሰምቶ ይወስናል። መኑቢያ ለሸድሊ አዲስ ጫማ ገዛችለት። ሐኪሙ ልቡ እየደከመ እንደሆነ፣ በዚያ አውቶቡስ ብዙ እንደማይዘልቅ ነግሯታል። ቱኒስ ቤት እንዳይከራዩ አቅሙ የለም። ጣቢያው ብቻ ነበር የቀራት።

ሀጅ ላስዓድ ብልጥ ነው። በሕይወቱ ለማንም ወሊ ሻማ አብርቶ የማያውቅ ሰው በአንድ ጊዜ የሲዲ ሳቢር ተቆርቋሪ ሆኖ ቁጭ አለ። የቅዱስ ሰው መቃብር ላይ ሽንት ቤት ያለው ጣቢያ ሊያቆሙ ነው እያለ ፊርማ ማሰባሰብ ያዘ። ማን ፈረመለት? የታችኛው ሰፈር ሴቶች! ጣቢያው ከደጃፋቸው የሚቆምላቸው፣ ጧት ጧት አውቶቡስ ጥበቃ እግራቸው የሚያብጠው እነሱው ፈረሙ። እኔ ጋ ራሱ መጣ፤ ቁጭ አለና ስለ ሀይሰም ጠየቀኝ። ከዚያ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጎ «እህቴ ወሲላ፣ ልጅሽን ከባሕር ያወጣልሽን ጌታ ልታስረግጪው ነው?» አለኝ። ፈረምኩ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መሐንዲሷ ወጣት ሴት ናት፣ መነጽር ያደረገች። እዚያ ቦታ የተቀበረው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። መኑቢያ ተነሣች።

«ማንም አልተቀበረም። የናንተው ችካል ነው፤ ቁጥሩ አርባ ሰባት። እንዳይሰረቅ ብዬ ኖራ የቀባሁት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ታመሰ። ረድያ ልጇን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። አንዷ ከሃዲ አለቻት። ሀጅ ላስዓድ በለሆሳስ፣ እንደሚያዝን ሰው፣ በባሏ ሕመም አእምሮዋ ተነክቷል፣ አትፍረዱባት አለ። መኑቢያ እሱን አላየችውም። የምታየው እኔን ነው።

«ወሲላ ባልዲውን ይዛልኝ ነበር። እሷን ጠይቋት።»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሸድሊ ከኋላ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ክንዱ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ በአዲሱ ጫማው ተቀምጧል። የኔ ዓይን ግን ሀይሰምን ነው የሚያየው። ያለ ወረቀት፣ የሰው ቲማቲም እየለቀመ፣ ፖሊስ ባየ ቁጥር የሚደበቀውን ልጄን። አሁን አፌን ከፍቼ ያንን ጌታ ድንጋይ ነው ብል፣ ማታ ልጄ ላይ ምን ይደርሳል? ስለት እንዴት ይካዳል? ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ የሰዉንም ዓይን ፈራሁ።

«አላስታውስም» አልኩ።

መኑቢያ ተቀመጠች። ሸድሊ ቀልዱ እንዳልገባው ሰው ትንሽ ፈገግ ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ።

መሐንዲሷ ችካሉን ፋቅ ፋቅ አድርጋ ማየት ትችል ነበር፤ ግን ፊርማው አራት መቶ አልፏል፣ ማን በራሱ ላይ እሳት ይጭራል? ጉዳዩን ለቅርስ ጠባቂዎች መራችው። እነሱ እስኪወስኑ ማንም እንዳይነካው ተብሎ ገመድ ተወጠረበት፣ ዘበኛ ተቀጠረለት። በዚህ መሀል የላይኛው ሰፈር መሬት ዳገት ስለሆነ ለመሳፈሪያ አይመችም ተባለ፣ የታችኛው የመቃብር ክርክር አለበት ተባለ፣ ጣቢያው አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ሌላ ከተማ ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። የሀጅ ላስዓድ ቦታም እንክርዳድ አበቀለ፤ ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ ደስታ እሷ ናት።

መኑቢያ ሰላምታዬን ትመልሳለች። ከዚያ በላይ የለም። እሷና ሸድሊ በቢጫው አውቶቡስ ሌላ አንድ ዓመት ተመላለሱ።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ ሾፌሮቹ ሥራ አቆሙና ሸድሊ ደሙ ሳይታጠብ ቀረ። ሐሙስ አውቶቡሱ መጣ፤ ዘነበ፣ ተጨናነቀ፣ የባቡር ማቋረጫው ጋ ሲደርስ ማገጃው ወረደ። ሾፌሩ ነው የነገረኝ። ባቡሩ ከወይራው በኩል መጣ፤ መስኮቱ ሁሉ መብራት፣ ግማሹ ወንበር ባዶ። ሸድሊ ብረቱን እንደጨበጠ ቆሞ እያየው «መኑቢያ፣ ሰዓቱን ያዢልኝ» አለ። ማገጃው ሲነሣ ሸድሊ ክንዷ ላይ ወድቆ ነበር። ቱኒስ ሲደርሱ በድኑን ነው ያወረዱት።

ከቀብሩ አርባ ቀን በኋላ ቅርስ ጠባቂዎቹ መጡ። ሁለት ሰዎች፣ አንድ የብረት መፋቂያ። ሩብ ሰዓትም አልፈጀባቸው። ከኖራው ሥር አርባ ሰባት ቁጥር ወጣ፤ መቃብር የለም ተብሎ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ሴቶቹ ግን አሁንም ሻማ ያበራሉ። ወሊው ተቀይሞ ነው የተሰወረ ይላሉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። መኑቢያ ናት፤ ጥቁር ለብሳ፣ ሰማያዊውን ባልዲ አንጠልጥላ። ለካ ያን ጊዜ እሷ ቤት ትቼው ነበር። ከሥሩ ያለውን ኖራ ፍቃ፣ በሳሙና አጥባዋለች። እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«ያንቺ ነው» አለችኝ። «ታስታውሽው እንደሆነ።»

ዞራ ሄደች። ባልዲው እስከ ዛሬ እዚያው ደጃፌ ላይ ነው፤ ውሃ አልቀዳሁበትም፣ ወደ ቤትም አላስገባሁት። ሀይሰም በየጁምዓው ይደውላል። አሁን ወረቀት አግኝቷል፣ ደህና ነው። ሁልጊዜ «አክስቴ መኑቢያስ እንዴት ናት?» ይለኛል። ደህና ናት፣ ሰላም ትልሃለች እለዋለሁ።