ማኅተም ያዧ ያማጠችበት ማክሰኞ

በሰነድ ማረጋገጫው መሥሪያ ቤት አራተኛው መስኮት ላይ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠችውን ሴት በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ባለጉዳዩም ባልደረባዋም «ማኅተሟ» ነበር የሚላት። «ማኅተሟ ገብታለች?» «ማኅተሟ ምሳ ወጥታለች።» ክቡ ማኅተም የሚያድረው በብረት ሣጥን ውስጥ፣ የሣጥኑ ቁልፍ የሚያድረው ደግሞ በእሷ አንገት ላይ ነው። ለሌላ ሰው ማስረከብ የሚቻለው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተሰይሞ ሲያረካክብ ብቻ ነው።

ሆዷ ከገፋ ወዲህ ኮሚቴው እንዲቀመጥላት ሦስት ማመልከቻ ጽፋለች። አንደኛው አባል ሥልጠና ላይ ናቸው ተባለች። እሳቸው ሲመለሱ ሁለተኛው ሥልጠና ሄዱ። እንዲህ እንዲህ ሲል ሠላሳ ስምንተኛው ሳምንት ደረሰ። ሆዷ ከጠረጴዛው ስላራቃት፣ ከራቀ መሶብ እንጀራ እንደሚቆርስ ሰው ክንዷን ዘርግታ ነበር የምታትመው።

የመጀመሪያ ልጇ ነው። ስለ ምጥ የምታውቀው ከሰው የሰማችውን ነው፤ የሰማችው ደግሞ እርስ በርሱ አይስማማም። አንዷ «ስትታመሚ ታውቂዋለሽ» ትላታለች፣ ሌላዋ «እኔስ ሆድ ቁርጠት መስሎኝ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ» ትላታለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሆዷ ከላይ እስከ ታች ድንገት ጥብቅ አለ። ሕመም ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ከውስጥ ሆኖ ቀበቶ የሚያጠብቅ ሰው ያለ ነው የመሰላት። እጇ ከነማኅተሙ አየር ላይ ቀረ።

መስኮቱ ላይ የቆመው ሰውዬ አንዴ ማኅተሙን፣ አንዴ ወረቀቱን አየና፣ «ትንሽ ወደ ታች ብቻ ነው የቀረው፣ እህቴ» አላት በትሕትና።

ሲለቃት አተመች። ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ደገማት። ቀጥሎ በስምንት ደቂቃ፣ ቀጥሎ በሃያ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ከሰልፉ መሐል አንዲት ፈርጠም ያሉ እናት አንገታቸውን አስግገው አዩዋትና፣ «ምጥ ነው። አምስት የወለድኩ ሰው ነኝ፣ አትከራከሩኝ» አሉ። የተከራከራቸው ሰው አልነበረም።

ያኔ ሰልፉ ተናወጠ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግን ወር ሙሉ የተመላለሰ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የራሱ ወረቀት ነው። አንዱ ሰዓት ያዥ ሆኖ ተመረጠ። ሌላው በሁለት ምጥ መካከል ስድስት ወረቀት እንደሚታተም አሰላ። ከኋላ የቆሙት «በጠናባት ቁጥር ወረፋው ይፍጠን» ሲሉ፣ ከፊት ያሉት «ተዉአት ትተንፍስ» አሉ፤ እነሱ ደርሷቸዋላ።

ኃላፊው ጫጫታውን ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ።

«እስከ ምሳ ሰዓት ሊቆይልሽ ይችላል?» አሏት።

«እንጃ፣ ጌታዬ። አልጠየቅሁትም።»

ኃላፊው መመሪያውን አስመጥተው ቆመው አነበቡ። «ያዢው ከማኅተሙ ይለያል የሚል አንቀጽ የለም» አሉ በመጨረሻ። «ስለዚህ ይዘሽው ትሄጃለሽ።»

«ወዴት?»

«ወደምትወልጂበት።»

ባሏ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ስትደውልለት ትምህርት ላይ ነበርና ከነተማሪው፣ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ በተሰካባት ትንሽ መኪና ከች አለ። ተማሪው ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። ባልየው መሪውን ሊይዝ ቢል እጁ እንደ ወንፊት ተርገፈገፈ።

«በዚህ እጅህ መሪ አትይዝም፣ ልጄ» አሉት ዳኛው። «እኔ እነዳለሁ፣ አንተ አጠገቤ ሆነህ ትቆጣጠራለህ።»

ዳኛው በሕይወታቸው አንድም ሕግ ጥሰው አያውቁም። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ፍሬቻ አበሩ፤ በእያንዳንዱ ማቋረጫ ላይ ቆመው፣ ሰው ባይኖርም ሰው እስኪመጣ ጠበቁ። ባልየው በበኩሉ እሷ «እህ» ባለች ቁጥር በእሱ በኩል ያለውን ፍሬን ይረግጣል። እሷ የብረት ሣጥኑን ጭኗ ላይ አቅፋ ከኋላ ወንበር ትላጋለች። ከኋላቸው ደግሞ ሁለት ታክሲ ሙሉ ባለጉዳይ፣ ወረፋውን ሳያዛባ ይከተላል።

«ፍሬኑን ተወው» አለችው።

«ስታቃስቺ እግሬ ራሱ ነው የሚረግጠው።»

«እንግዲያው አላቃስትም» አለችና ከንፈሯን ነከሰች። ይባስ ብሎ ዝምታዋ አስደንግጦት አንዴ ደግሞ ረገጠው።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ አዋላጇ ነርስ ሁሉንም በር ላይ አስቀርታ እሷን ብቻ አስገባች። መረመረቻት፣ የልጁን ልብ አዳመጠች፣ እጇን ሆዷ ላይ አኑራ ረዘም ላለ ጊዜ ጠበቀች። ከዚያ ጓንቷን አወለቀች።

«ምጥ አይደለም። የማኅፀንሽ በር ዝግ ነው። ሰውነትሽ እየተለማመደ ነው። እውነተኛው ሲመጣ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግይቶ አይደለም፤ እየተቀራረበና እየጠነከረ ይሄዳል፣ ብትቀመጪም ብትነሺም አይተውሽም። በየአምስት ደቂቃው እየመጣ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ወይም የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ካየሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ በሩጫ ነይ። ለዛሬ ውሃ ጠጪና አረፍ በይ።»

ማኅተም ያዧ አፈረች። ያን ሁሉ ሰው ይዛ መጥታ ምንም አለመሆኑ። አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ስትፈልግ አዋላጇ ወንበር ሳበችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ፈርተሻል?» አለቻት።

ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው ስንት ነገር ጠይቋት ነበር፤ ይህን የጠየቃት ግን አልነበረም። መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። እስኪወጣላት አለቀሰች። አዋላጇ ውሃ ቀዳችላት።

ስትወጣ ሰልፉ መተላለፊያው ላይ ቆሟል። ተቀመጠችና ሣጥኑን ከፈተች፤ ውሃዋን ፉት እያለች ዘጠኝ ወረቀት አተመችላቸው። ሰውነቷም እየላላ መጣ። አምስት የወለዱት እናት አዋላጇን፣ «ምጥ አይደለም ማለትሽ ነው?» ብለው አፋጠጧት። አዋላጇ ወደ መዝገቧ አጎነበሰች፤ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይባል ነው መሰል።

በዚህ መሐል ወሬው የደረሳቸው ኃላፊው ደወሉ። «ምጥ ካልሆነ፣ ምጥ አለመሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይዘሽ ነይ። አለዚያ ከሥራ የቀረሽ ተብለሽ ትመዘገቢያለሽ።»

አዋላጇ ማስረጃውን ጽፋ፣ ፈርማ ሰጠቻት። «ማኅተም ግን የለንም» አለች። «የእኛዋ ያዥ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ቁልፉን ይዛው ሄዳለች።»

ማኅተም ያዧ ወረቀቱን አየችው። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች። ባልየው በድንጋጤ ወለሉን ረገጠ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሲመለሱ ቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ሣጥኑን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ከላዩ አደረገችው።

«ኮሚቴው እኮ አልተቀመጠም» አሏት።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። አሁን እኔ ልቀመጥ ነው።»

ኃላፊው መመሪያውን ሊያገላብጡ ሲጀምሩ እሷ ደረጃው ላይ ነበረች። አንገቷ ቀሏታል። ኃላፊው በነጋታው አራተኛው መስኮት ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ሲያትሙ ዋሉ ተብሎ ተወራ።

በሰባተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ከወገቧ ጀምሮ ወደ ፊት የሚዞር ሕመም ያዛት። ውሃ ጠጣች፤ አልተዋትም። በግራ ጎኗ ተጋደመች፤ አልተዋትም። በየአምስት ደቂቃው እየመጣ አንድ ሰዓት ሞላ።

«ልምምድ ይሆናል» አላት ባሏ በለሰለሰ ድምፅ።

ኮሌታውን ጨምድዳ ያዘችውና ሕመሙ እስኪያልፍ አልለቀቀችውም። ሲያልፍ፣ «ታክሲ ጥራ» አለችው። እሱም ጠራ።

ያችው አዋላጅ ተቀበለቻቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ ጠጉሯ የጠቆረ። አንዴ ጮኻ ዝም አለችና፣ እናቷ ደረት ላይ ሲያስተኟት ወረፋ እንደሰለቸው ባለጉዳይ ቅንድቧን ሰብስባ ሽቅብ አየቻት።

«ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?» አለቻት እናቷ።