ለእንግዳ የተቀመጠው ዘይት

እኛ በሰሊጥ አገር፣ በሸሕዲ የምንኖር ሰዎች ሰሊጡን ለሌላው እየጫንን፣ ለራሳችን በጀሪካን የመጣ ዘይት እንገዛለን። እኔ ግን አምና ከማሳችን ሰሊጥ አስጨምቄ አንድ ጠርሙስ ለክብር እንግዳ አስቀመጥኩ። የት? ሳሎን፣ ቡፌው ላይ፣ ከመስኮቱ ትይዩ። የመጣ ሁሉ ይይልኝ ብዬ ነዋ። ቤቱ ቆርቆሮ፣ ፀሐዩ የቆላ ፀሐይ። ይባስ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ክዳኑን እየከፈትኩ አስሸትት ነበር።

ልጄ ጤና የተማረች ናት። "እማ፣ ዘይት ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው፣ አየር ሲገባበት ይለወጣል። ሰውነት የሚጎዳ ነገር ይፈጥራል፤ እባክሽ ድፊው" አለችኝ።

"እኔ ወጥ ስሠራ አንቺ የት ነበርሽ?" አልኳት። አፌ እንዲህ ነው፣ አያርፍም።

በዐቢይ ጾም ሽማግሌዎች ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጡ። እሷ ሽሮውን በጀሪካኑ ዘይት ልትሠራ ስትል ጠርሙሱን አምጥቼ ድስቱ ላይ ገለበጥኩት። ለሽማግሌ የጀሪካን ዘይት ላቀርብ ኖሯል? ማዕዱን ሳቀርብም "ሞያዋን ቅመሱላት፣ የሷ እጅ ነው" አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ አንዴ ጎርሰው ማላመጣቸውን ተዉት። ባሌ ቀምሶ አቀረቀረ። እኔም ቀመስኩት፤ ቀለም ቀለም ይላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል።

"ልጄ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው?" አሏት ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው።

"አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ። ዘይቱን ሳላየው ቀርቼ ነው" አለች።

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። እየለመነችኝ እንቢ ያልኩት እኔ፣ እሷ በገዛ ሽማግሌዎቿ ፊት ሞያ ቢስ ልትባልልኝ። ተነሥቼ ባዶውን ጠርሙስ አመጣሁት።

"ድፊው ብላኝ ነበር። የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ" አልኳቸው።

ሽማግሌው አሽትተው መለሱልኝ። "እኛ የመጣነው ለልጅቱ ነው፤ ቀጠሮ ስጡን" አሉ ለባሌ። ሽሮውን ግን ማንም አልነካውም።

ጓዳ ስገባ ልጄ ድስቱን እያጠበች ነበር።

"ለምን ተናገርሽ እማ?" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እኔን 'ልጅ ናት፣ ትማራለች' ብለው ይተዉኝ ነበር። አንቺ ግን ነገ ዘመድ ሆነሽ ከነሱ ጋር ትቀመጫለሽ። እንዳታፍሪ ብዬ እኮ ነው።"

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።