ቁራውን የጠበቅኩበት ወንበር

ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ። አያታችሁ በወጣትነቴ ነብር ገድያለሁ ይል ነበር፤ እዚህ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ግን ከድመት ሲሸሽ አይቼዋለሁ። የእውነት አዳኟ እኔ ነኝ።

ያ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ የሚነፍስበት ሰሞን ነበር፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። ዶክተሮቹ አያታችሁን «ቤቱ ይረፍ» ብለው መልሰውልኝ ነበር። የአደን ጓደኛዬ ሮዝ ነበረች፣ ከታች ፎቅ የምትኖረው አሮጊት፣ ቼሮኪ ከሚባሉት የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች ወገን። እንግሊዝኛዬን ታውቁታላችሁ፤ ግማሹን በእጇ ነው ያስረዳችኝ።

«እኛ ዘንድ እንደ ቁራ የሚጮህ ክፉ መንፈስ አለ» አለችኝ። «ሰው ሊሞት ሲል ይወርድና ልቡን ሰርቆ ይበላል፤ የቀረችውን ዕድሜ በራሱ ዕድሜ ላይ ይጨምራል። ድሮ መድኃኒት አዋቂ ነበር የሚጠብቀው። አሁን አንቺ ጠብቂ፤ አልጋው አጠገብ ካለው ወንበርሽ እንዳትነሺ።»

ሳቅሁባት። ሳቄን ስጨርስ አማተብኩና ተቀመጥኩ። ትጥቄ የአያታችሁ ከዘራ፣ በውሃ ፕላስቲክ ያለ ጸበልና አንድ ጭብጥ ቆሎ።

ሁለት ቀን ዱካውን አጠናሁ። መስኮቱ ደፍ ላይ ጥቁር ላባ፣ ጣራው ላይ የጥፍር ኮሽታ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አንድ ጩኸት ከሰማይ እየወረደ መጣ። መጋረጃው ወደ ውስጥ ተነፋ፣ የአያታችሁ ትንፋሽ ቀጥ አለ። የመስኮቱን ብረት በከዘራው መታሁት። «ና፣ ፊትህን አሳየኝ!»

ጩኸቱ ራቀ። ትንፋሹ ተመለሰ።

«ከማን ጋር ነው የምትጣይው?» አለኝ።

«ልብህን ሊበላ ከመጣ ቁራ ጋር።»

«ይቺን አሮጌ ልብ? ጥርሱን ትሰብረዋለች በይው።» ከዛ ደግሞ፣ «ብቻ የትም አትሂጂ።»

«የት እሄዳለሁ» አልኩት።

በማግስቱ እትዬ ዘነቡ ሊጠይቁት መጡ። ሲነሱ «አትነሺ፣ በሽተኛሽ ጋ ሁኚ» አሉኝ።

«ኧረ በሞትኩት፣ አንቱን ሳልሸኝ?»

እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ከበሩ እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው እስከ መኪናቸው። መኪናው ጋ ቆመን የልጆቻቸውን ጤና አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ እንደገና ተሳሳምን። ያኔ ጩኸቱ በራሳችን ላይ አልፎ ወደኛ መስኮት ወረደ።

ይቺ ጉልበቴ በዚያ ደረጃ እንዴት እንደወጣች እንጃ። ስደርስ አያታችሁ ፊቱን ወደ ወንበሬ አዙሯል። እጁ ገና ይሞቃል፤ ተዘርግቶ ወንበሩ ላይ ነበር፣ እኔ የምቀመጥበት ላይ።

እንግዳውን ሁሉ ስሸኝ ኖሬ እሱን አልሸኘሁትም።

እና፣ ስትሄዱ ልሸኛችሁ ብዬ ከዚህ ወንበር አልነሳም፤ አትቀየሙኝ። ስትወጡ በሩን ሳብ አድርጉት።